አክሶሎትልና የሙቀት ወራት፦ በረዶ፣ ፋን ወይስ ፍሪጅ?

አክሶሎትል ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚኖር የሜክሲኮ ሳላማንደር፣ ማለትም የእንቁራሪት ዘመድ የሆነ አምፊቢያን ነው። ስለ እሱ የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «80 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ አንድ ጎልማሳ አክሶሎትል አለኝ። ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ውሃው 26 ዲግሪ ይደርሳል። እኩለ ቀን ላይ ሁለት ከረጢት በረዶ፣ 5 ኪሎ ያህል፣ ጨምሬ ወደ 20 አወርደዋለሁ፤ ማታ ግን ተመልሶ 25 ነው። ሰሞኑን ምግብ እምቢ ብሏል፣ ስንጥቦቹም (ከጭንቅላቱ ጎን የወጡት መተንፈሻዎቹ) ወደ ፊት ታጥፈዋል። ጓደኛዬ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ ትላለች። ለመሆኑ ሜክሲኮ ሞቃት አገር አይደለችም ወይ? እንዴት ይህን ሙቀት አይችልም? ደግሞ በቅርቡ ለ5 ቀን ከቤት እርቃለሁ።»

ዛሬውኑ የሚደረገውን ላስቀድም፤ ምክንያቱ ይደርሳል። በረዶ መጨመሩን ያቁሙ። የአኳሪየሙን መስታወት ክዳን አንስተው በምትኩ መረብ ይክደኑበት፤ አክሶሎትል ሲጨንቀው ዘሎ ሊወጣ ስለሚችል ክፍት አይተዉት። ፋን አምጥተው ውሃው ላይ እንዲነፍስ ያድርጉ። መብራቱን ያጥፉ፣ መጋረጃውን ይዝጉ። አሞኒያና ናይትራይት (ከእንስሳው ቆሻሻ ውሃው ውስጥ የሚፈጠሩ መርዞች) ይለኩ፤ ከሁለቱ አንዱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ክሎሪኑ በጠፋ፣ ሙቀቱም ከአኳሪየሙ ጋር በተቀራረበ ውሃ ሩቡን ይቀይሩ። ምግብ ለሁለት ቀን አይስጡ። ፍሪጁን ይተዉት።

አሁን ወደ ሜክሲኮ። አገሪቱ ሞቃት ናት ቢባል አክሶሎትል የኖረው ግን በሞቃቱ ክፍሏ አይደለም። መኖሪያው በሜክሲኮ ሲቲ ደቡባዊ ጠርዝ የሚገኙት የሶቺሚልኮ ሐይቅና ቦዮች ናቸው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ማለት ነው። ደጋ ነው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ሆኖ ይከርማል። ሰውነቱ የተሠራው ለዚያ ውሃ ስለሆነ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይመቸዋል፣ እስከ 20 ያለ ችግር ይኖራል። ከ22 ጀምሮ ጭንቀት ውስጥ ይገባል፤ ከ24 በላይ ለቀናት ከቆየ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። እነዚህን ቁጥሮች እንደ ገደል አፋፍ አይመልከቷቸው። ጤነኛ ጎልማሳ አንድ ከሰዓት 24 ስላየ አይሞትም። የሚጎዳው ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሲደጋገምበት ነው፤ የእርስዎም ሁኔታ ይኸው ነው።

ሙቀት እንስሳውን የሚጎዳው «ሞቀው» በሚለው ስሜት አይደለም። የሰውነቱ ሙቀት ከውሃው ጋር እኩል ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ውሃው ሲሞቅ የሰውነቱ ሥራ ሁሉ ይፈጥናል፣ የሚፈልገው ኦክስጅንም ይጨምራል። ችግሩ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ማነሱ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ 15 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 10 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ 25 ዲግሪ ሲሆን 8.3 አካባቢ ይሆናል፤ ከፍታ ላይ ላሉ ቤቶች ደግሞ ሁለቱም ቁጥሮች ያንሳሉ። ስለዚህ ፍላጎቱ ሲያድግ አቅርቦቱ ይቀንሳል። አክሶሎትል በስንጥቡም፣ በቆዳውም፣ በሳንባውም ስለሚተነፍስ ጉድለቱን ለጊዜው ይሸፍነዋል፤ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ እየወጣ አየር የሚጎርሰውም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ አሞኒያውን ነው። የመለኪያ ጠብታዎቹ የሚያሳዩት ጠቅላላውን አሞኒያ ሲሆን ዋናው መርዝ ግን ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በሙቀትና በፒኤች (በውሃው የአሲድነት መጠን) ይወሰናል፦ ፒኤች 8 በሆነ ውሃ በ15 ዲግሪ 2.7 በመቶ ገደማ የነበረው በ25 ዲግሪ 5.3 በመቶ ይደርሳል። ባለፈው ወር ያዩት ቀለምና ዛሬ የሚያዩት ቀለም አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ መርዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሳይበላ የቀረ ትል በሞቀ ውሃ ውስጥ በአንድ ሌሊት የሚበሰብስ መሆኑን ሲጨምሩበት፣ በሙቀት ወቅት የሚሞቱ አክሶሎትሎች ብዙዎቹ የሚሞቱት በተበላሸ ውሃ ነው ብል አላጋነንኩም። በዚህ ላይ እንስሳው ሲዳከም ባክቴሪያና ፈንገስ ዕድል ያገኛሉ።

በረዶውን ለምን እንደተቃወምኩ ደግሞ በሒሳብ ላሳይዎ። 1 ኪሎ በረዶ ቀልጦ እስከ 20 ዲግሪ ሲሞቅ 100 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይወስዳል። የ80 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማውረድ 80 ኪሎ ካሎሪ ይበቃል። እንግዲህ 5 ኪሎዎ ውሃውን 6 ዲግሪ ማውረዱ ከሒሳቡ ጋር ይገጥማል፤ በረዶው ሥራውን ሠርቷል። ጥፋቱ ያለው በፍጥነቱ ላይ ነው። እንስሳው እኩለ ቀን ላይ በጥቂት ደቂቃ 6 ዲግሪ ይወርድና እስከ ማታ 5 ዲግሪ ተመልሶ ይወጣል፤ በየቀኑ። በረዶው ስለሚንሳፈፍ ደግሞ ቅዝቃዜው እኩል አይዳረስም፤ አንዱ ጥግ 14፣ ሌላው 24 ይሆናል። አንድ ነገር ልጨምር፦ 5 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 5 ሊትር ክሎሪኑ ያልጠፋ ውሃ ነው። ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ሳያደርጉ በየቀኑ 5 ሊትር የቧንቧ ውሃ ስንጥቡ ላይ ሲያፈሱ ከርመዋል። ለእኔ፣ ሳይነቃነቅ 22 ላይ የቆመ ውሃ በ20 እና በ26 መካከል ከሚዋዥቅ ውሃ ይሻላል። ስለዚህ መጀመሪያ መዋዠቁን እናቁም፣ ከዚያ ቀስ ብለን እናውርድ፤ በሰዓት ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ፋን ይህን ያደርጋል፣ ሰው ከሚገምተው በላይም ያደርጋል። 1 ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት 7 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ ከሚወስደው ጋር ይቀራረባል። ሙቀቱ ከክፍሉ ተመልሶ ስለሚገባ ሙሉው ትርፍ አይቀርልዎትም፤ ቢሆንም ውሃው ሌሊትና ቀን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ማድረግ የተለመደ ውጤት ነው። አቀማመጡ ወሳኝ ነው። ፋኑን ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርገው ካስቀመጡት የተነነው እርጥበት እዚያው ይታፈናል። በአንደኛው ጠርዝ በኩል ትንሽ አዘንብለው፣ ነፋሱ የውሃውን ገጽ እየጠረገ በሌላው ጠርዝ እንዲወጣ ያድርጉት። ትክክል ከሆነ ገጹ ላይ ደቃቅ ሽክርክሪት ሳይሆን በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ቀጭን ሞገድ ያያሉ። ውሃው ከመስታወቱ አፍ ብዙ ዝቅ ብሎ ከሆነ ነፋሱ ከላይ አልፎ ይሄዳል፤ ውሃ ይሙሉ። የፋኑ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይጠምዘዝ፣ በገመዱ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ወደ ኤሌክትሪኩ እንዳይሄድ። ፋኑም ተንሸራቶ የማይወድቅበት ቦታ ላይ ይታሰር።

ፋን ገደብ አለው፤ ገደቡ እርጥበት ነው። አየሩ ደረቅ ሲሆን ትነቱ ብዙ ስለሆነ ማቀዝቀዙ ግሩም ነው። አየሩ እርጥብ ከሆነና ክፍሉ ተዘግቶ ከዋለ ግን ውሃው አይተንም፣ ሙቀቱም አይወርድም። እንዲህ ከሆነ የክፍሉን በርና መስኮት ምሽት ላይ ከፍተው እርጥበቱን ያስወጡ፤ ቀን ላይ ሙቅ አየር እንዳይገባ ይዝጉ። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ስለሆነ ማዕድኑ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የጎደለውን ክሎሪኑ በጠፋ ውሃ መሙላትና ሳምንታዊውን የውሃ ቅየራ አለመተው ያንን ይቆጣጠረዋል።

ፋኑ ብቻ ካልበቃ በረዶ የምንጠቀምበት ሌላ መንገድ አለ። ጠርሙስ በውሃ ሞልተው (እስከ አፉ አይደለም፣ ሲቀዘቅዝ ይለጠጣልና) ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡና በደንብ ተከድኖ፣ ከውጭ ታጥቦ አኳሪየሙ ውስጥ ይንሳፈፍ። የ1 ሊትር ጠርሙስ በእርስዎ 80 ሊትር ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከ1 ዲግሪ ብዙ አይበልጥም፤ እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ውሃው ከሞቀ በኋላ መሯሯጥ ሳይሆን ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ አንዱን ማስገባት፣ ሲቀልጥ በሌላው መተካት። ከፊልተሩ መውጫ አጠገብ ቢሆን ቅዝቃዜው ይዳረሳል። ቴርሞሜትሩን ግን ከጠርሙሱ ራቅ አድርገው፣ እንስሳው በሚያርፍበት ወለል አጠገብ ያድርጉት። መስታወቱ ላይ የሚለጠፉት የፕላስቲክ መለኪያዎች የክፍሉን ሙቀት ስለሚቀላቅሉ ለዚህ ሥራ አላምናቸውም።

ሰዎች ውሃ ለማቀዝቀዝ ብለው ፊልተር ያጠፋሉ። ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። ውሃ ውስጥ ያለ ሞተር ሙቀት መጨመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፊልተሩ ውስጥ አሞኒያውን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ውሃ ካልፈሰሰላቸው በኦክስጅን እጦት ያልቃሉ፣ ሲመለስም የሞቱትን ይዞ ነው የሚነሳው። ይልቅ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ይጨምሩ። አክሶሎትል ኃይለኛ ወራጅ ስለማይወድ አረፋው ለስለስ ያለ ይሁን። የአኳሪየሙን ጀርባና ጎን በፎም መሸፈን፣ ከመስኮት ማራቅ፣ ከተቻለ ወደ ወለል ማውረድ፣ እነዚህ ሁሉ ይረዳሉ። ስለ ቦታ ማዛወር ግን፦ ውሃ የሞላ አኳሪየም አይነሳም፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ሙቀቱ በየዓመቱ ለወራት የሚቆይበት ቦታ ከሆኑ ግን ፋንና ጠርሙስ ሰውን ያደክማሉ፤ አንድ ቀን ይረሳሉ፣ ችግሩም ያን ቀን ይመጣል። ያኔ ቺለር፣ ማለትም የአኳሪየም ውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን፣ ይግዙ። ኮምፕረሰር ያለውን ዓይነት ነው የምለው፤ ያለ ኮምፕረሰር የሚሠሩት ትንንሾቹ ለ80 ሊትር አቅም የላቸውም። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሊትር የአኳሪየምዎ እጥፍ ይሁን፣ ማለትም ለ80 ሊትር 160 የሚችለውን ይያዙ። ማሽኑ ከውሃው የወሰደውን ሙቀት ወደ ክፍሉ ስለሚተፋ ቁምሳጥን ውስጥ አይዝጉበት። የውሃ መውጫውን ወደ መስታወቱ ያዙሩት። 17 ወይም 18 ላይ ያድርጉት፤ «ቀዝቃዛ ከወደደ 12 ይሁንለት» የሚለው አስተሳሰብ የምግብ መፈጨቱን ከማዘግየት ሌላ ጥቅም የለውም። ክፍሉ ኤሲ ካለው ደግሞ ቺለሩን ይርሱት፤ ክፍሉን 20 ላይ ካቆዩት ውሃውም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ጓደኛዎ ያለችው የፍሪጅ ነገር ከየትም አልመጣም። አክሶሎትልን ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ማቆየት ለአንዳንድ ሕመም የሚደረግ ነገር ነው፣ የሰውነቱን ሥራ ስለሚያዘገይና ፈንገስ እንዳይስፋፋ ስለሚያግዝ። ይሁን እንጂ ያው ቅዝቃዜ የእንስሳውን የራሱን የመከላከል አቅምም ያዘገያል፣ ሆዱ ውስጥ ያለውም ምግብ ሳይፈጭ ይቀመጣል። ከ26 ወደ 6 መውረድ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ሕመሙን ያየ ባለሙያ ካላዘዘው በቀር የሙቀት ወራትን ማሳለፊያ አይደለም።

ፋኑም ጠርሙሱም ባይበቃ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ውሃው 27 ቢገባ፣ ከፍሪጅ በፊት ባልዲ አለ። 15 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ሰፊ የፕላስቲክ መያዣ ይውሰዱ። ከአኳሪየሙ ራሱ ውሃ ቀድተው ይሙሉት፣ እንስሳውን ያዛውሩት፣ በቤቱ ቀዝቃዛና ጨለማ ጥግ ወለል ላይ ያስቀምጡት፣ የታሸገ በረዶ ጠርሙስ ያስገቡ፣ ጨርቅ ይሸፍኑበት። ውሃው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ትንሿን ጠርሙስ ይምረጡ። ፊልተር ስለሌለው ደግሞ ውሃው በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ የሚገባው ውሃ ክሎሪኑ የጠፋና ሙቀቱ ከሚወጣው ጋር እኩል ይሁን። ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ሲመርጡ እሬት ያለበትን ይተዉ፤ ለዓሣ ቆዳ ተብሎ የሚጨመር ነው፣ ለአምፊቢያን ቆዳ አይሆንም።

እንስሳው እየተሻለው መሆኑን እንዴት ያውቃሉ? ስንጥቡን ያንብቡ። የተመቸው አክሶሎትል በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሦስት ሦስት ዘንጎች ወደ ኋላና ወደ ላይ ዘና ብለው ይታያሉ፣ ጸጉር የመሰሉት ክሮች ይንዠረገጋሉ፣ አልፎ አልፎም ዘንጎቹን ፈጠን አድርጎ ያወዛውዛቸዋል። ነጣ ያሉት ዓይነቶች ላይ ክሮቹ ደም ስለሚያሳዩ ቀይ ናቸው። እርስዎ ያዩት ወደ ፊት መታጠፍ የጭንቀት ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጅራት ጫፍ መጠምዘዝ ጋር አብሮ ይመጣል። ግን አንድ ማሳሰቢያ፦ ኃይለኛ የውሃ ወራጅም ስንጥብ ወደ ፊት ያጥፋል፤ እንስሳው ከፊልተሩ ፊት ለፊት ተኝቶ ከሆነ መጀመሪያ ወራጁን ያለዝቡ። ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ዘንጎቹ በጥቂት ቀን ይመለሳሉ፤ የሳሱ ክሮች ግን ለመሙላት ሳምንታት ይፈልጋሉና አይቸኩሉ። አየር መጎረስን በተመለከተ፣ አንዳንዴ መውጣቱ ተፈጥሮው ነው፤ በየደቂቃው ከወጣ ኦክስጅን ጎድሎታል።

ስንጥቡ ላይ ነጭ ነገር ካዩ ጠጋ ብለው ያጣሩ። የተለጠፈ ቆሻሻ ከሆነ ስንጥቡ ሲወዛወዝ ይለቅቃል። ፈንገስ ከሆነ ጥጥ የመሰለ ነው፣ ሥር ይዞ ከክሩ ጋር ይወዛወዛል። ትንሽ ከሆነና እንስሳው ንቁ ከሆነ የጨው መታጠቢያ ይሠራል፦ አዮዲን የሌለበት ጨው፣ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ፣ በተለየ መያዣ፣ ከ10 ደቂቃ ሳያልፍ፣ አጠገቡ ቆመው እያዩት። አኳሪየሙ ውስጥ ጨው አይበተንም። ከመደብር የሚገዛ የዓሣ መድኃኒት በግምት አይጨምሩ፤ በተለይ መዳብ ወይም ማላካይት ግሪን ያለበትን። ፈንገሱ በሁለትና ሦስት ቀን ካልቀነሰ፣ ቆዳው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ፣ ወይም እንስሳው ሚዛኑን ስቶ በጎኑ ከተንሳፈፈ ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪም ነው። ሲሄዱ የሳምንቱን የሙቀት መጠንና የአሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬት ልኬት ጽፈው ይውሰዱ፤ ለሐኪሙ ከመቶ ፎቶ ይበልጥለታል።

ምግብ አለመፈለጉ ለብቻው አያስደንግጥዎ። ውሃው ከ21 በታች ሆኖ ሁለት ቀን ከዋለ በኋላ ግማሽ የመሬት ትል በመቆንጠጫ ይዘው አፉ አጠገብ ያቅርቡለት። ካልወሰደ ወዲያው ያውጡት፣ ከሁለት ቀን በኋላ ይሞክሩ። ሲጀምርም በሦስት ቀን አንዴ ይበቃዋል።

ስለ 5 ቀኑ ጉዞ፦ ከመሄድዎ በፊት ምግብ መጀመሩን ያረጋግጡ። ጤነኛ ጎልማሳ 5 ቀን ሳይበላ ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ ስለዚህ ቤት የሚጠብቅልዎትን ሰው «አታብላው» ይበሉት። ደግ ጠባቂ ብዙ ትል ይጥላል፣ ውሃው የሚበላሸውም ያኔ ነው። ፋኑን በሙቀት መቆጣጠሪያ ሶኬት ላይ ያድርጉት፣ 19 ሲያልፍ እንዲነሳ። ፋን እየሠራ በቀን 1 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊተን ስለሚችል ክሎሪኑ የጠፋ ውሃ በዕቃ ሞልተው ይተዉለት፣ መስታወቱ ላይም በቴፕ መስመር ያስምሩ፤ ውሃው ከዚያ ከወረደ ፊልተሩ አየር ይስባል፣ ሞተሩም ይቃጠላል። ፍሪዘር ውስጥ አራት ጠርሙስ ይኑር። ጠባቂው ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን አይቶ ቁጥሩን በስልክ ይላክልዎ፤ 22 ካለፈ አንድ ጠርሙስ ያስገባ፣ 24 ካለፈ ይደውልልዎና ባልዲውን እርስዎ በስልክ ያሠሩት።